ልጆችን ከባሕር ጋር ማስተዋወቅ፦ ለስኩባ አሠልጣኞችና ለጠላቂ መሪዎች የአሠራር መመሪያ

ልጅን ይዞ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው ሁለት አደራ በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ የልጁን ሕይወትና ልጁ ሊያየው የሚሄደውን ሕይወት። ብዙ ጊዜ እነዚህን እንደ ሁለት ትምህርት ሲለያዩአቸው እናያለን፤ በመጀመሪያ መጥለቅ ይማራሉ፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ስለ ኮራል (ድንጋይ ስለሚመስለው የባሕር እንስሳ) እና ስለ ባሕር ኤሊ ገለጻ ይሰጣቸዋል። በእኔ እምነት ግን ትምህርቱ አንድ ነው። ውኃ ውስጥ ምንም ሳይነካ፣ ምንም ሳይረግጥ፣ ተረጋግቶ መንሳፈፍ የቻለ ልጅ ራሱንም ኮራሉንም ጠብቋል። ይህን ያልቻለ ልጅ ደግሞ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የቱንም ያህል ቢሸመድድ ፊኑ (እግር ላይ የሚጠለቀው የዋና መቅዘፊያ) ኮራል መስበሩ አይቀርም።

መመሪያው ለአሠልጣኞች፣ ቡድን ለሚመሩ ጠላቂዎችና ልጃቸውን ለማስተማር ላሰቡ ወላጆች የተዘጋጀ ነው። የአሠልጣኝነት ፈቃድ የሌለው ሰው፣ ወላጅም ቢሆን፣ ልጅን በራሱ ማሠልጠን የለበትም።

ደረጃ 1፦ ልጁ ዝግጁ መሆኑን አጣሩ

በዕድሜ ጀምሩ። ፓዲ የተባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ባወጣው ደንብ መሠረት፣ 8 ዓመት የሞላው ልጅ በአሠልጣኝ ቁጥጥር ሥር ከ2 ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት በስኩባ (በጀርባ በሚታዘል የአየር ሲሊንደር) መተንፈስን መሞከር ይችላል። የጁኒየር ጠላቂነት የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ከ10 ዓመት ጀምሮ ነው። 10 እና 11 ዓመት የሆናቸው ልጆች ከ12 ሜትር በታች አይወርዱም፤ የሚጠልቁትም የምስክር ወረቀት ካለው ወላጃቸው ወይም አሳዳጊያቸው ጋር፣ አለዚያም ከባለሙያ ጋር ብቻ ነው። ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉት የምስክር ወረቀት ካለው አዋቂ ጋር እስከ 18 ሜትር ይወርዳሉ። የሌሎች ድርጅቶች ቁጥር ሊለይ ስለሚችል የምትሠሩበትን ድርጅት ደንብ ተከተሉ። እነዚህ ቁጥሮች ጣሪያ ናቸው፤ እዚያ መድረስ ግዴታ አይደለም። ለ10 ዓመት ልጅ 5 ሜትር ላይ የሚታየው ሕይወት ከበቂ በላይ ነው፤ ብርሃኑም ቀለሙም ያለው እዚያው ነው።

ከዕድሜ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ልጁን ለብቻው፣ ወላጆቹ በማይሰሙበት ቦታ ጠይቁት፦ «መጥለቅ የፈለግኸው አንተ ነህ ወይስ አባባ ነው? ባትፈልግ ማንም አይቆጣህም።» አባት በጉጉት ሲቁነጠነጥ፣ ልጅ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እሺ» ሲል ካያችሁ ያ «እሺ» ፈቃድ አይደለም። በማስክና በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) ላይ ላዩን እንዲዋኝ አድርጉትና ሌላ ቀን ይምጣ። ፈርቶ የገባ ልጅ ውኃ ውስጥ ሲደነግጥ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ መሸሽ ነው፤ አደጋው ያለውም እዚያ ላይ ነው።

የጤና መጠይቁን ከወላጅ ጋር መስመር በመስመር ሙሉ። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ችግር፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ወይም ተደጋጋሚ የጆሮ ኢንፌክሽን ያለበት ልጅ ሐኪም ሳያየው ውኃ አይገባም። በዕለቱ ጉንፋን የያዘውም አይገባም። ወላጅ «ቀለል ያለች ናት» ቢልም ቀጠሮውን ቀይሩ።

ደረጃ 2፦ ትንፋሽና ጆሮን አስቀድማችሁ አስተምሩ

ከሕጎች ሁሉ የሚቀድመው ሕግ ውኃ ውስጥ ትንፋሽ እንደማይያዝ የሚናገረው ነው። ምክንያቱን ሳያውቁ የሸመደዱት ሕግ በድንጋጤ ጊዜ ከአእምሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ በዓይናቸው ይዩት። 3 ሜትር ጥልቀት ባለው መዋኛ ገንዳ ወለል ላይ ሆናችሁ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት ከሬጉሌተራችሁ (ከሲሊንደሩ አየር ወደ አፍ ከሚያደርሰው ዕቃ) በሚወጣ አየር ግጥም አድርጋችሁ ሙሉ፤ አፉን አጥብቃችሁ እሰሩና ልቀቁት። ልጆቹ ማስካቸውን አድርገው ከላይ እያዩ ከረጢቱ እየተወጠረ ይወጣል፤ ላይ ሳይደርስም ይቀደዳል ወይም ቋጠሮው ይፈታል። ቁርጥራጩን ልጆቹ ራሳቸው ለቅመው እንዲያወጡ አድርጉ። ከዚያ «ይህ ሳንባችሁ ቢሆን ኖሮስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ሕጉን ደጋግሞ ማስታወስ እምብዛም አያስፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃው ላይ ያለው ግፊት 1 ከባቢ አየር ነው፤ 10 ሜትር ላይ 2፣ 20 ሜትር ላይ 3 ይሆናል። የአየር ይዘት በመጀመሪያዎቹ 10 ሜትሮች ብቻ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሲወጣም በዚያው ልክ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትልቁ ለውጥ ያለው ልጆች በሚጠልቁበት ጥልቀት ላይ ነው። ሳንባውን በአየር ሞልቶ ትንፋሹን የያዘ ሰው ከ1.2 ሜትር ገደማ ጥልቀት ቢወጣ እንኳን ሳንባው ሊጎዳ ይችላል። «ገንዳው ጥልቅ አይደለም፣ ምን ይሆናሉ» የሚል ረዳት ካላችሁ ይህን በግልጽ ንገሩት።

የልጆች ጉሮሮንና ጆሮን የሚያገናኘው ቱቦ ከአዋቂው ይልቅ ጠባብና ወደ አግድም ያዘነበለ ስለሆነ ግፊቱን ማመጣጠን ይከብዳቸዋል። አፍንጫቸውን ይዘው በቀስታ መንፋትን፣ ምራቅ መዋጥንና መንጋጋን ማንቀሳቀስን ገና ደረቅ መሬት ላይ ያለማምዷቸው። የመጀመሪያውን ከመውረዳቸው በፊት፣ ቀጣዮቹን ደግሞ በየግማሽ ሜትሩ ያድርጉ፤ ሕመም እስኪመጣ አይጠብቁ። ካመማቸው መልሱ አንድ ነው፤ ትንሽ ከፍ ማለት። ኃይል ጨምሮ መንፋት የጆሮ ታምቡርን ይጎዳል።

የእጅ ምልክቶችንም እዚሁ አስተምሩ። ልጆችን የሚያሳስታቸው አውራ ጣትን ወደ ላይ ማቆም ነው። መሬት ላይ «ጎበዝ!» ማለት ሲሆን ውኃ ውስጥ ግን «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው፤ ደስ ብሎት ምልክቱን ያሳየ ልጅ ቡድኑን በሙሉ ሊያስወጣ ይችላል። «ደህና ነኝ» የሚባለው አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን በክብ በማጋጠም ነው። እጅን ዘርግቶ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ «ችግር አለ» ማለት ነው፤ ከዚያም ችግሩ ያለበትን ቦታ በጣት ያመለክታሉ። ምሳ ሲበሉም ሲጫወቱም በምልክት እንዲነጋገሩ አድርጉ።

ደረጃ 3፦ የልጅ ልክ ዕቃ

በአዋቂ ዕቃ ልጅ አታሠልጥኑ። ትልቅ ማስክ ውኃ ያስገባል፤ ሰፊ ተንሳፋፊ ጃኬት ወደ ላይ ተንሸራቶ አገጭ ይገፋል፤ ትልቅ የሬጉሌተር አፍ መያዣ መንጋጋን ያደክማል። አነስ ያለ ሲሊንደር፣ ትንሽ የአፍ መያዣና በአካሉ ልክ የተሠራ የመጥለቂያ ልብስ ያስፈልገዋል። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ የልጅ ሰውነት ደግሞ ትንሽ ስለሆነ፣ ለእናንተ ሞቃት የመሰለው ውኃ ልጁን ያንቀጠቅጠዋል።

ደረጃ 4፦ መንሳፈፍን በገንዳ ውስጥ ማስተማር

ጊዜያችሁን ሳትሰስቱ የምታውሉት እዚህ ላይ ነው። ማስክ ማጽዳት፣ ከአፍ የወጣ ሬጉሌተርን ፈልጎ መመለስ፣ ከጓደኛ አየር መጋራት፤ እነዚህን ሁሉም አሠልጣኝ ያስተምራል። መንሳፈፍን ግን ብዙዎች «ቀስ በቀስ ይለምዱታል» ብለው ያልፉታል። ልምምዱ ኮራሉ ላይ መደረግ የለበትም።

ለመስመጥ በሚታሰረው ክብደት ጀምሩ። አሠልጣኞች ልጆች ቶሎ እንዲሰምጡላቸው ሲሉ ክብደት ያበዙባቸዋል፤ ክብደት የበዛበት ልጅ ጃኬቱን በአየር ይሞላል፣ እግሩ ይወርዳል፣ ወለሉን ያርሳል። ትክክለኛው መጠን በቀላሉ ይታወቃል። ልጁ ሬጉሌተሩን አፉ ላይ እንዳደረገ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከጃኬቱ አየሩን ሁሉ ያውጣ። እንደ ወትሮው አየር ስቦ ለአፍታ ሲቆይ ውኃው ዓይኑ ላይ ከደረሰ፣ ሲተነፍስ ደግሞ በቀስታ ከሰመጠ፣ ክብደቱ ልክ ነው። ከትንፋሽ ክልከላው ጋር እንዳይምታታባቸው ይህ ሙከራ ላይ ላዩን ብቻ፣ እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ የሚደረግ መሆኑን ንገሯቸው። የባሕር ውኃ ከገንዳ ይልቅ ስለሚያንሳፍፍ በባሕሩ ቀን እንደገና ይለካል።

ቀጥሎ ትንፋሽን ተጠቅሞ ከፍና ዝቅ ማለት ነው። ልጁ ወለሉ ላይ በሆዱ ይተኛ፤ ከፊኑ ጫፍ በቀር ሌላው ሰውነቱ ሲስብ ከፍ፣ ሲያስወጣ ዝቅ ይበል። አየሩ በዝግታ ይግባ፣ በዝግታ ይውጣ። ይህ ሲሳካለት ፊኑንም ያንሳና ወለል ሳይነካ ይቆይ።

ከዚያ «ኮራሉን» እንሥራ። የፕላስቲክ ኩባያዎችን በገንዳው ወለል ላይ ደፍታችሁ ደርድሩ፤ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ አንድ አንድ ጠጠር አስቀምጡ። ልጆቹ በየተራ ከኩባያዎቹ ግማሽ ሜትር ከፍ ብለው ይለፉ። የመጀመሪያው ልጅ ሲያልፍ ሦስት አራት ጠጠር ይወድቃል፤ ልጁም ወጥቶ «እኔ አልነካሁም!» ይላል። እውነቱን ነው፣ አልነካም። ጠጠሩን የጣለው ፊኑ የገፋው ውኃ ነው። ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ባሕር ውስጥም እንዲሁ ያለ ምንም ንክኪ ፊን የሚያስነሳው ደለል ኮራሉ ላይ ያርፋል፤ ኮራሉም ያንን ለማራገፍ ጉልበቱን ይጨርሳል። አሁን እግርን ወደ ላይና ወደ ታች መምታቱን ትተው ጉልበታቸውን አጥፈው ወደ ጎን፣ እንደ እንቁራሪት፣ መግፋትን ያስተምሯቸው። እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ ያጣምሩ። ጠጠሮቹ ሳይወድቁ በተከታታይ መመላለስ እስኪችሉ ድረስ ባሕር የለም።

ይህን መስፈርት ለወላጆች አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ያኔ «ከፍለናል፣ ለምን ዛሬ አይወርድም?» የሚል ክርክር አይነሳም።

ደረጃ 5፦ የሚያዩትን ከማየታቸው በፊት ያውቁት

ልጆች ኮራልን ድንጋይ ወይም ተክል አድርገው ያስባሉ። ኮራል እንስሳ ነው፤ ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት አንድ ላይ ሆነው ከበታቻቸው ጠንካራ የኖራ ቤት ይሠራሉ። በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ አልጌዎቹ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ አዘጋጅተው ለኮራሉ ያካፍላሉ፣ ቀለሙንም ይሰጡታል። ባሕሩ ከበጋው ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል አልፎ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ነጭ አጽሙ ይታያል። ነጭ የሆነ ኮራል ወዲያው አልሞተም፤ ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ሊያገግም ይችላል። ልጆች ይህችን የመጨረሻዋን ሐሳብ መስማታቸው አስፈላጊ ነው። «ሁሉም ነገር አልቋል» ተብሎ የተነገረው ልጅ የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም።

ኮራል ሪፎች (ኮራሎች የገነቧቸው የባሕር ውስጥ አለቶች) ከባሕር ወለል 1 በመቶ እንኳን አይሸፍኑም፤ ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ሩብ የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ይጠጉባቸዋል። ጉልላት መሰሉ ኮራል በዓመት የሚያድገው በሚሊሜትር ወይም በጥቂት ሴንቲሜትር ነው። አንድ ልጅ ተደግፎበት የሰበረው ኮራል ከልጁ አያት ዕድሜ ሊበልጥ እንደሚችል ንገሯቸው። በሚያዝያ 2024 (በዚህ መመሪያ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱን አረጋግጧል፤ ቀዳሚዎቹ በ1998፣ በ2010 እና ከ2014 እስከ 2017 የተከሰቱት ናቸው። ለትልልቆቹ ልጆች እነዚህን ዓመታት ከየራሳቸው የልደት ዓመት ጋር አነጻጽሩላቸው።

ለትንንሾቹ ግን አንድ ዓሣ ይበቃል። ፓሮትፊሽ ከኮራሉ ላይ አልጌ ሲፍቅ ጥርሱ የሚያሰማው ድምፅ ውኃ ውስጥ በግልጽ ይሰማል፤ የዋጠው የኮራል ድንጋይ ደግሞ ተፈጭቶ አሸዋ ሆኖ ይወጣል። ይህን የሰማ ልጅ ውኃ ሲገባ ለመንካት ሳይሆን ለመስማት ይሞክራል።

ደረጃ 6፦ የባሕሩ ቀን

ፍሰት የሌለበት፣ ወለሉ አሸዋ የሆነ፣ ጥልቀቱ በተፈጥሮ የተገደበ ቦታ ምረጡ። ኮራሉ ከአሸዋው ፈንጠር ብሎ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ልጆቹ መጀመሪያ ከአሸዋው በላይ ሚዛናቸውን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ይቅረቡ። በጀልባ ከሄዳችሁ ቋሚ ማሰሪያ ያለበትን ቦታ ተጠቀሙ። መልሕቅ ኮራል ላይ ጥላችሁ ስለ ጥበቃ ብታስተምሩ ልጆቹ የሚያስታውሱት መልሕቁን ነው።

ቡድኑ ትንሽ ይሁን። በፓዲ ደንብ በሥልጠና ወቅት ክፍት ውኃ ላይ 10 ወይም 11 ዓመት የሆናቸው ልጆች ካሉ አንድ አሠልጣኝ ከአራት በላይ ተማሪዎች አይዝም፤ ከእነሱም በዚህ ዕድሜ ያሉት ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። እኔ ከዚህም ቢያንስ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም አንድ አሠልጣኝ እጁን ዘርግቶ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ሁለት ልጆችን ነው። ረዳት ከኋላ ይከተል።

ገለጻው አጭር ይሁን፤ የት እንወርዳለን፣ የት እንዞራለን፣ ስንት አየር ሲቀር እንመለሳለን፣ ምን አንነካም። በገመድ፣ እግርን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ በጣም በዝግታ ውረዱ። በየደቂቃው «ደህና ነህ?» ብላችሁ በምልክት ጠይቁ፤ መልሱን ግን ከእጁ ብቻ አትጠብቁ። ዓይኑ የፈጠጠ፣ አረፋው የበዛና የተጣደፈ፣ ማስኩን ደጋግሞ የሚነካ ልጅ በእጁ «ደህና ነኝ» ቢልም ደህና አይደለም። አንዱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሁሉም ጥልቀት ጉዞ ያበቃል። ስትወጡ በደቂቃ ከ9 ሜትር አትፍጠኑ፤ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆዩ።

ደረጃ 7፦ ሥራ ስጧቸው

«አትንኩ» ብቻ የተባለ ልጅ እጁን ምን እንደሚያደርገው አያውቅም፤ ሥራ ያለው ልጅ ያውቃል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለልጆች የሚስማማው የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2002 የጀመረው ኮራል ዋች (CoralWatch) የተባለ ፕሮጀክት ያዘጋጀው የቀለም ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ላይ ከ1 እስከ 6 እየደመቁ የሚሄዱ ቀለሞች አሉ። ልጁ አንድ ኮራል ይመርጣል፤ የኮራሉን በጣም ፈዛዛ ቦታና በጣም ደማቅ ቦታ ከሰሌዳው ጋር ያስተያያል፤ ቁጥሮቹን ውኃ በማይጎዳው መጻፊያ ላይ ይመዘግባል። ኮራሉን አይነካም፣ ሰሌዳውንም አያስደግፍበትም። ከመግባታችሁ በፊት ባለቀለም ጨርቅ ላይ አለማምዷቸው። ጥላ የወደቀበትን ጎን አይምረጡ። ቁጥሩን ለማንበብ ቆሞ መንሳፈፍ ግድ ስለሆነ ሥራው በራሱ የመንሳፈፍ ፈተና ነው፤ ካልቻለ ወደ ገንዳው ይመለስ።

ቆሻሻ መሰብሰብን በተመለከተ ጥንቃቄ ይጨመር። ልጆች በባሕር ዳርቻና ጥልቀት በሌለው ቦታ ላይ ይልቀሙ። የዓሣ መረብ፣ የተጠላለፈ ገመድ፣ መንጠቆ፣ ስለታም ብረትና ምንነቱ የማይታወቅ ዕቃ የሠለጠነ አዋቂ ሥራ ነው። ኮራል የበቀለበትን ወይም ፍጥረት የገባበትን ዕቃ አታውጡ፤ ጠርሙስ ከማንሳታችሁ በፊት ውስጡን እዩ። የተለቀመው ሁሉ ይቆጠርና በዓይነቱ ይመዝገብ። ከ2011 ጀምሮ ጠላቂዎች ከባሕር ወለል ያወጡትን ቆሻሻ የሚመዘግቡበት ዳይቭ አጌንስት ደብሪስ የተባለ ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ስላለ፣ አዋቂዎቹ መዝገቡን ወደዚያ ይላኩ።

ደረጃ 8፦ መሪው ራሱ

ልጆች የምትናገሩትን ከሚሰሙት በላይ እጃችሁን ያያሉ። መሪው ዓሣ ለማሳየት ብሎ ድንጋይ ከገለበጠ፣ ስታርፊሽ አንስቶ ለፎቶ ካዞረ፣ ኤሊ ካሳደደ፣ የገለጻው ቃል በሙሉ ተሽሯል። ኤሊ ሳንባ ያለው እንስሳ ነው፤ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ስለዚህ ከጎን፣ በርቀት፣ መንገዱን ሳትዘጉ እዩት። ዓሣ አትመግቡ። ጓንት ለብሶ ለመንካት የሚደፍርን እንግዳ ጓንቱን ጀልባው ላይ እንዲተው ጠይቁት። ከልጆቹ ጋር የወረደ አዋቂ ካሜራውን ይዞ ኮራል ላይ ቢንበረከክ እዚያው በምልክት አስነሡት፤ ልጆቹ ሕጉ ለትልቅ ሰውም እንደሚሠራ ማየት አለባቸው።

ድርጅታችሁ የራሱ የሥነ ምግባር ደንብ ከሌለው ከባዶ መጀመር አያስፈልግም። በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምና በሪፍ ወርልድ ፋውንዴሽን ትብብር በ2004 የተጀመረው ግሪን ፊንስ 15 ነጥቦች ያሉት ደንብ አለው፤ ጀልባውንም፣ ቆሻሻውንም፣ ገለጻውንም ይሸፍናል።

ስለ ፀሐይ መከላከያ ቅባት ወላጆች መጠየቃቸው አይቀርም። ፓላው በ2020፣ ሃዋይ በ2021 ኮራልን ይጎዳሉ የተባሉ ኦክሲቤንዞንን የመሰሉ ኬሚካሎች ያሉባቸውን ቅባቶች ሽያጭ ከልክለዋል። ለልጆች ግን ቀላሉ መፍትሔ ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስና ባርኔጣ ነው፤ የሚቀባው ፊትና የእጅ ጀርባ ብቻ ይቀራል።

ደረጃ 9፦ ከወጡ በኋላ

አድርቋቸው፣ ውኃ አጠጧቸው፣ ከፀሐይና ከነፋስ አስጠልሏቸው። ለወላጆች ሁለት ነገር ንገሩ። አንደኛው፣ የጆሮ ሕመም፣ ያልተለመደ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም መደንዘዝ ከታየ ሳይጠብቁ እንዲደውሉላችሁ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስለ አውሮፕላን ጉዞ ነው፤ ከአንድ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለባቸው።

ከዚያ መዝገቡን አብራችሁ ሙሉ። ጥልቀቱንና ደቂቃውን እናንተ ጻፉ፤ ልጁ የኮራሉን የቀለም ቁጥሮች፣ ያየውን እንስሳና እንስሳው ሲያየው ምን ያደርግ እንደነበር ይጻፍ። «ሸሸኝ» ብሎ ከጻፈ ምን ያህል ቀርቦት እንደነበር ጠይቁት። ጆሮው ያስቸገረበትን ሜትር፣ የበረደውን ደቂቃና ወለል የነካበትን ጊዜ ጨምሩበት። በሚቀጥለው ጊዜ ጥልቀት ትጨምሩለት፣ እዚያው ታቆዩት ወይም ወደ ገንዳ ትመልሱት እንደሆነ የምትወስኑት በዚህ ገጽ ላይ ተመሥርታችሁ ነው።